በመንጋጋ የተመሰከረ ዕድሜ

በሬ የሚገዛ ሰው ጥርሱን ሳያይ አይዋዋልም። ባል የምታገባ ሴትስ ጥርስ ብታስመረምር ምን ነውር አለው?

ወዳጄ ጋሽ ጌታቸው እዚህ ጀርመን፣ ሆኽስት ካለ ፋብሪካ ጡረታ የወጡ ናቸው። ሚስታቸው ከሞቱ ቆይቷል። ባለፈው ዓመት ጽጌን ለትዳር ጠየቋት። ጽጌ እዚያው ከተማ ሪደርቫልድ ሰፈር የምትኖር፣ ስድሳ አንድ ዓመት የሆናት፣ ባሏን የቀበረች ነርስ ናት። መልሷ አጭር ነበር፦ "ሰባ ሞልቶዎታል፤ እኔ ደግሞ ሁለተኛ ባል የምቀብርበት አቅም የለኝም።"

ወረቀታቸው በእርግጥ ሰባ ይላል። እሳቸው ግን ስድሳ ሁለት ነኝ ባይ ናቸው። ጀርመን እንደገቡ ፎርም ሲሞሉ የልደት ዘመናቸውን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጻፉት፤ ጸሐፊዋም እንዳለ ገለበጠችው። በአንድ እስክሪብቶ ስምንት ዓመት ግድም አረጁ! ይህን ስህተት ከእኛ ሌላ ማን ይሠራል? ለማሳረም ያልያዙት ቴርሚን፣ ያልሄዱበት የቢሮ ቀጠሮ የለም። የልደት ሰርተፊኬት አምጣ ይባላሉ። ገጠር ለተወለደ ማን ሰጥቶ?

እኔ በዜና ሥራ ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ "ልቤ ያውቀዋል" አይገባኝም። ማስረጃ አምጡ አልኳቸው። በቅርቡ የተነቀለ መንጋጋ ጥርሳቸውን አመጡ።

ጥርስ ውስጥ ሁለት መልክ ያለው አሲድ አለ፤ እንደ ግራና ቀኝ እጅ። መጀመሪያ ላይ ሁሉም አንድ ወገን ነው ማለት ይቻላል። ዓመት በጨመርን ቁጥር ጥቂት ጥቂቱ ወደ ሌላው ይዞራል። የዞረውን ካልዞረው አመዛዝኖ ዕድሜ መገመት ይቻላል፤ ጥቂት ዓመት ወዲህ ወዲያ ቢልም። የድሮ ባልደረባቸው የሆነ ኬሚስት ይህን ይሠራልና መንጋጋውን ተቀበላቸው።

ውጤቱ መጣ፦ ስድሳ ሁለት ግድም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።

ወረቀቱን ይዘን ሪደርቫልድ ሄድን። ጽጌ መነጽሯን አድርጋ ሁለቴ አነበበችው። ከዚያ ጋሽ ጌታቸውን ከላይ እስከ ታች ቃኘቻቸው።

"ጉድ እኮ ነው! ለሰባ ዓመት ሰው ምንኛ ጠንካራ ነው እል ነበር" አለች፣ አንቱታውን ባንዴ ጥላ። "ለስድሳ ሁለት ግን ምን ነክቶህ ነው እንዲህ የገረጀፍከው?"

ጋሽ ጌታቸው ደንግጠው ወደ እኔ ዞሩ። ምን ላድርግ? መንጋጋው የሳቸው ነው።

"እምቢ ማለትሽ ነው?" አሏት ቀስ ብለው።

"ማን እምቢ አለ? የጋብቻውን ቴርሚን ያዝ። ይህን ወረቀት ግን ለሰው እንዳታሳይ። ሲጠይቁህ ሰባ ነኝ በል፤ ልጅ ትመስላለህ ይሉሃል።"

በበጋ ተጋቡ። ሰርጉ ላይ ሙሽራው ስንት ዓመታቸው ነው ላለኝ ሁሉ "ሰባ" አልኩ። "አይመስሉም!" እያሉ ተደነቁ። አልዋሸሁም። ሰነዱ የሚለው ሰባ ነው።