ክቡር አቶ ቆይና መንገዱን ያልያዘው ሚሳይል

አንድ «ቆይ» ባይ የሌለበት መሥሪያ ቤት እስካሁን አልተከፈተም። ሥራው አልቆ፣ አለቃ ሰዓቱን እያየ፣ አንድ ፊርማ ብቻ ሲቀር ያ ፊርማ የእሱ ነው። ለእኛ መርከብ የደረሷት ክቡር አቶ ቆይ ናቸው።

የክቡርነታቸው ሥራ ሚሳይልን አቅጣጫ ማስያዝ ነው። ሚሳይሉ በሆዱ የራሱን እንቅስቃሴ እየለካ መንገዱን የሚያሰላ መሣሪያ አለው። ከመተኮሱ በፊት ግን የት እንዳለና ሰሜን በየት በኩል እንደሆነ ከመርከቧ መሣሪያ መማር አለበት። ባሕር ላይ ደግሞ ተማሪውም አስተማሪውም ይወዛወዛሉ። አቶ ቆይ የሁለቱን ቁጥር ሲያስተያዩ ይውላሉ። «የቆመበትን ያላወቀ የሚሄድበትን አያውቅም» ይሉናል፣ ጠየቅናቸውም አልጠየቅናቸውም።

አመሉ ቤታቸውም አይለቃቸውም። አዲሱ ቁም ሳጥን ውኃ ልኩ እስኪስተካከል የባለቤታቸው ልብስ ሦስት ቀን አልጋ ላይ ከርሟል። ልጃቸው እጮኛዋን ብታስተዋውቃቸው «ጥሩ ልጅ ነው፤ ግን ገና አልረጋም» አሉ። ሰውየው ዛሬ የሁለት ልጆች አባት ነው፤ እሳቸው አሁንም እያዩት ነው።

በልምምድ ተኩሱ ቀን አዛዡ እንግዶች ጋብዘው ነበር። ሰው የሌለበትን ተንሳፋፊ ዒላማ በረጅም ገመድ የሚጎትተው ጀልባ ላይ ስምንት ሰዎች አሉ፤ መሪውን የያዘው ታናሽ ወንድሜ ነው።

«ዝግጁ?» አሉ አዛዡ።

«ትንሽ ይቆዩ ጌታዬ። ቁጥሩ አልረጋልኝም።»

አንድ ሰዓት ሞላ። እንግዶቹ ያዛጋሉ፣ እኔ ረዳታቸው በሆዴ እኚህን ሽማግሌ እረግማለሁ። በመጨረሻ አቶ ቆይ አንድ ወረቀት አስጠጉልኝ። ከጥገናው በኋላ ማስወንጨፊያው ከመርከቧ አካል ምን ያህል እንደዞረ የለካሁበት ነው፤ በእጄ «ወደ ቀኝ» ብዬ ጽፌያለሁ። ማሽኑ ላይ ያስገባሁት ግን ወደ ግራ ነው። ከዒላማው በግራ በኩል ያለው ጀልባው ነው። ወረቀቱን ደግሜ አነበብኩት።

«የማን ጥፋት ነው?» አሉ አዛዡ።

«የእኔ ነው ጌታዬ። ሳላጣራ አሳለፍኩት» አሉ አቶ ቆይ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ «መጀመሪያ ውኃ ጠጣ ልጄ። ከዚያ አርመውና ጮክ ብለህ አንብብልኝ።»

ሚሳይሉ ዒላማውን መታ። ወንድሜ ፀሐይ አቃጥሎት፣ ተርቦ፣ እየተነጫነጨ መጣ። «ማነው ያ ቀርፋፋ? አንጀታችንን አደረቀው እኮ!»

አቀፍኩት። አለቅህም ብዬ ያዝኩት።

«ምን ነካህ?» አለኝ።