እሜቴ መርፌና የመዳቧ ሴት

ዓለምን በሙያው ቀዳዳ ብቻ የሚያይ ሰው የሌለበት ቤተሰብ የለም። ሾፌር ከሆነ ሙሽሮችን ሲመርቅ እንኳ «ፍሬናችሁ ይያዝ» ይላል። ሐኪም ከሆነ ሊስማችሁ ጠጋ ብሎ ምላሳችሁን ማየት ያምረዋል። የባሰው ግን ልብስ ሰፊ ነው። ልብስ ያልለበሰ ሰው ስለሌለ ከእሱ ማምለጫ የለም።

የከተማውን ዋና አደባባይ ሐውልት እንዲሠራ የተመረጠው ቀራጺ እንዲህ ያሉ አክስት አሉት። ክብርት እሜቴ መርፌ ይባላሉ። አርባ ዓመት ሰፍተዋል፤ ሜትራቸው ከአንገታቸው ወርዶ አያውቅም። ሰው ሲያስተዋውቋቸው ከስሙ በፊት የወገቡን ልክ በዓይናቸው ይይዛሉ። ሐኪም ስለ ልባቸው ድካም ሲያስረዳቸው «ግራ እጅጌህ ይረዝማል» ብለው አቋርጠውታል። ቅር ያለው ሰው ካለም መልሳቸው አንድ ነው፦ «ሰው ይዋሻል፣ ስፌት አይዋሽም!»

ቀራጺው የነደፋት አሥራ ሁለት ሜትር የምትረዝም፣ ከመዳብ ላሜራ የምትሠራ፣ ረጅም ቀሚስ ለብሳ ወደፊት የምትራመድ ሴት ናት። ሦስት ዓመት አስቦባታል። ቀሚሷን በወፍራም ካርቶን ሠርቶ ናሙናዋን ወርክሾፑ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ያቆማት ቀን ያያት ሁሉ እጁን በአፉ ጫነ። እሜቴ መርፌ ሁለት ጊዜ ዞሯትና መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይቺ ልጅ በዚህ ቀሚስ አትራመድም።»

«አክስቴ፣ ሐውልት እኮ ናት!»

«ሐውልትስ ብትሆን እግር የላትም? ጉልበቷ ላይ እንዲህ ጠቦ፣ ጎንና ጎኑ ሳይሰነጠቅ! በአፍጢሟ ነው የምትደፋው።»

ቀራጺው ሳቀ። ሳምንት ሳይሞላ ግን የከተማው መሐንዲስ ያንኑ ቃል ይዞ መጣ፤ ትደፋለች። አደባባዩ ላይ ነፋስ የሚመጣው ከጎን ነው፤ ቀሚሷ ደግሞ እንደ ግድግዳ ድፍን ነው። «ወይ ቁመቷን በግማሽ ቀንስ፣ ወይ ሌላ ንድፍ አምጣ። እስከ ዓርብ ነው።»

ስድስት ሜትር! የመንገድ መብራት እንኳ ይበልጣታል። ቀራጺው ሁለት ቀን እህል አልቀመሰም። ዓርብ ጠዋት አዲሱን አጭር ንድፍ ይዞ ወርክሾፑ ሲገባ እሜቴ መርፌን መቀስ በእጃቸው እንደያዙ አገኛቸው። የናሙናዋን ቀሚስ በግራም በቀኝም ከጉልበቷ በላይ ድረስ ሰንጥቀውታል።

«አክስቴ! ምን አደረጉኝ?»

«አንተን ምን አደረግሁህ? ለእሷ አዝኜ ነው እንጂ።»

ቀራጺው ቁጣው ከአፉ ሳይወጣ መሐንዲሱ ደረሰ። ጎንበስ ብሎ በአንዱ ስንጥቅ አየ፤ በወዲያኛው በኩል የእሜቴ መርፌ ዓይን ታየው። ካልኩሌተሩን አወጣ። ደምሮ ቀነሰ፣ ደግሞ ደመረ። «ነፋሱ ያልፋላ!» አለ በመጨረሻ። «ቁመቷ አይነካም።»

ከዚያ ወዲያ እሜቴ መርፌን ማን ይቻላቸው? ዳቦ ቤቱም ፋርማሲውም ሰማ። «የነደፍኳት እኔ ነኝ፤ እሱማ ብረት ቀጠቀጠ» ይላሉ። ቀራጺው ጥርሱን ነክሶ ቻለ። እውነቱን ለመናገር አንዳንድ ቀን አልቻለም፤ መንገድ ቀይሮ ይሄድ ነበር።

የምረቃው ዕለት መሸፈኛው ወረደ። የመዳቧ ሴት ጸሐይ መትቷት፣ ነፋሱ በቀሚሷ ውስጥ እያለፈ፣ ልትመጣ የተነሳች መሰለች። አንዲት ጋዜጠኛ ስንጥቁ የማን ሐሳብ እንደሆነ ጠየቀች። ቀራጺው አክስቱን ፈልጎ በእጃቸው ጎትቶ አመጣቸውና «የእሳቸው ነው። እሳቸው ባይኖሩ ይቺ ሐውልት አትቆምም ነበር» አለ። ይህን ሲል ደረቱ በኩራት ተነፋ፤ መንገድ የቀየረባቸው ቀኖች ሁሉ አሳፈሩት።

ማይክሮፎኑ ወደ እሜቴ መርፌ ዞረ። ስንት ወር ሙሉ ለሰፈር የሰበኩት ንግግር ነበራቸው። ቀና ብለው ሐውልቷን አዩ፣ ወንድማቸው ትቶላቸው ያሳደጉትን ልጅ አዩ።

«እኔ ቀሚሷን ብቻ ነው የቀደድኩት» አሉ። «ያራመዳት ልጄ ነው።»