ሳተላይቷ ለምን አትወድቅም

ይህን ነገር ሙሉውን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለባለቤቴ አልነገርኩትም። ለንስሐ አባቴ ልነግራቸው ሁለት ጊዜ ሞክሬ ነበር፤ ነገር ግን ጥፋቴን ለመረዳት መጀመሪያ የመሬት ስበትን መረዳት ስለሚያስፈልግ፣ ከኋላዬም ተራ የሚጠብቅ ብዙ ሰው ስለነበር፣ «ያልዘረዘርኳቸውም አሉ» በሚለው ውስጥ ጠቅልዬው ተመለስኩ። እናንተ ግን ጊዜ ያላችሁ ትመስላላችሁ።

ሙያዬ ፊዚክስ ማስተማር ስለሆነ በሙያዬ ልጀምር። መሬት ላይ የተቀመጠ ድንጋይ ማንንም አያስፈራም። ያንኑ ድንጋይ ተሸክማችሁ ጣሪያ ላይ ብታስቀምጡት ግን፣ ድንጋዩ ምንም ሳይለወጥ፣ ከሥሩ የሚያልፍ ሁሉ ቀና እያለ ማየት ይጀምራል። እናንተ ስታወጡት ያፈሰሳችሁት ጉልበት የትም አልሄደም፤ እዚያው ድንጋዩ ጋ ታምቆ መውደቂያውን ይጠብቃል። እምቅ ጉልበት የምንለው ይህን ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የድንጋዩን ክብደት ከወጣበት ከፍታ ጋር ማባዛት ብቻ። ዓመት ስሌቱ ውስጥ አይገባም። ድንጋዩ ጣሪያ ላይ አንድ ቀን ቢያድርም አምስት ዓመት ቢከርምም ሲወድቅ የሚያደርሰው ጉዳት ያው ነው። ሚስጥር ግን እንዲህ አይደለም፤ በከረመ ቁጥር ይከብዳል። ይህን የሚያሰላ ቀመር እስካሁን አላገኘሁም። ባገኝም ፈተና ላይ ስለማይመጣ ተማሪዎቼ አያጠኑትም።

የማስተምረው ሰበታ ውስጥ፣ ስሙን በማልጠራው አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ዓይን አፋር ሴት ነኝ። ዓይን አፋር ሰው እንዴት አስተማሪ ይሆናል ትሉ ይሆናል። ሰሌዳ አለላችሁ። ሰሌዳ ላይ የሚጽፍ ሰው ለስልሳ ተማሪ ጀርባውን ሰጥቶ ግማሹን ክፍለ ጊዜ ቢገፋ ትጉህ ይባላል። የሚያስቸግረው ዞር ሲሉ የሚወጣው እጅ ነው። እኛ አስተማሪዎች ደግሞ «አላውቅም» ማለት አልተማርንም። ዲግሪው ውስጥ አልነበረም። የማናውቀው ጥያቄ ሲመጣ «ጥሩ ጥያቄ ነው፤ የቤት ሥራ ይሁንላችሁ» እንላለን። በማግስቱ ተማሪው እንዳይጠየቅ ስለሚፈራ አያነሳውም፤ እኛም እንዳይነሳብን ስለምንፈራ አናነሳውም። በዚህ ዓይነት ስንት ጥያቄ ቀብረናል።

እንግዲህ ከአምስት ዓመት በፊት አሥረኛ ክፍል ገብቼ ስለ ሳተላይት አስተማርኩ። «ሳተላይት የማትወድቀው እዚያ ከፍታ ላይ የመሬት ስበት ስለሌለ ነው» አልኩ። ሰሌዳውም ላይ ጻፍኩት። እኔ ራሴ ተማሪ ሳለሁ የጻፍኩት ይህንኑ ነበር፤ ያስተማረኝም ሰው ከሰሌዳ የገለበጠው ይመስለኛል።

ዞር ስል ሌንሳ እጇን አውጥታለች። ሌንሳ የዲሽ ሠራተኛው የኦቦ ገመቹ ልጅ ናት።

«ቲቸር፣ ስበት ከሌለ ጨረቃን ምን ያዛት?»

የቤት ሥራ ልላት አፌን ስከፍት እሷ ቀጠለች። አባቷ ጣሪያ ላይ ሲሠሩ አሮጌ ቡሎን ወደ ግቢው ይጥላሉ። ዝም ብለው ሲለቁት ግድግዳው ሥር ይወድቃል፤ ወርወር ሲያደርጉት አጥሩ ጋ፤ ተናደው ሲወረውሩት ጎረቤት ግቢ። «መሬት ክብ ናት» አለች ሌንሳ፤ «በጣም በጣም ቢወረወር፣ ቡሎኑ ሲወድቅ መሬቷም ከሥሩ እየታጠፈች ትሄድበታለች። ሳተላይት ትወድቃለች ቲቸር። ግን እየወደቀች ትስተናለች።»

ክፍሉ ሳቀ። እኔም ፈገግ አልኩ፤ አስተማሪ ከተማሪዎቹ ጋር አብሮ ሲስቅ ማን ልክ እንደሆነ የታወቀ ይመስላል። በሳምንቱ በሰጠሁት ፈተና ላይም ይህንኑ ጻፈች። ኤክስ አደረግኩባት። ወረቀቱን ይዛ መጥታ በክፍሉ ፊት ተከራከረችኝ። ፊቴ ጋለ፤ ዓይን አፋር ሰው ፊቱ ሲግል ምን እንደሚያደርግ አያውቅም፤ እኔም በትምህርት ቤት ወግ መሠረት «ወላጅ ይዘሽ ነይ» አልኳት።

ኦቦ ገመቹን ከሰበታ እስከ ዓለም ገና የማያውቃቸው የለም። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እንደ ድመት ሳይሰሙ ይሄዳሉ ይባላል። የዚያን ዕለት ጃኬት ለብሰው፣ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው መምህራን ማረፊያ በር ላይ ቆሙ። ሌንሳ ከኋላቸው ነበረች።

«አካም ቡልተን ቲቸር። ልጄ ምን አጠፋች?»

«ሳተላይት ትወድቃለች አለች» አልኳቸው። ለወላጅ ሲነገር ጥፋት አልመስል ስላለኝ «ፈተና ላይም ጽፋዋለች» ብዬ ጨመርኩበት።

ኦቦ ገመቹ ቀስ ብለው ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ሳተላይቷ?»

«አዎ አባዬ።»

«የእኛዋ?»

«ሁሉም።»

«ሌንሳ፣ የዛሬ አሥር ዓመት ዓለም ገና የተከልኩት ዲሽ ዛሬም ያንኑ ቦታ እያየ ነው። አንድም ቀን ቡሎኑን አልፈታሁትም። እሷ የምትወድቅ ከሆነ ዲሹ ማንን ነው የሚያየው?»

ይህ ጥሩ ክርክር ነበር። እኔም በልቤ መዝግቤ ያዝኩት።

«እሷም ከእኛ ጋር እኩል ስለምትዞር ነው» አለች ሌንሳ።

«ይሄን ወሬ ደንበኛ ፊት እንዳታወሪው» አሏት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ዲሽ ሊያስተክል ያሰበ ሰው ይሄን ሰምቶ ምን ይላል? በይ አሁን ዲፋማ ጠይቂ።»

ሌንሳ ወለሉን እያየች «ይቅርታ ቲቸር» አለች። «አትወድቅም።»

«ግድ የለም» አልኳት፤ በደግነት።

ከሰዓት በኋላ ክፍል አልነበረኝም። ሌላ ጊዜ እንዲህ ያለ ተማሪ ቢመጣ የማሳየው አንድ ዓረፍተ ነገር ልፈልግ ብዬ መጽሐፉን ገለጥኩ። ሁልጊዜ የምዘላት አንዲት ገጽ ነበረች፤ ፈተና ከእሷ ወጥቶ አያውቅም። እዚያች ገጽ ላይ ተራራ ተስሏል። ከተራራው ጫፍ ድንጋይ ይወረወራል። የእኛን የወጨጫን ተራራ አስቡት፤ አየር አያደናቅፈውም እንበል። ቀስ ብለው ቢወረውሩት ሰበታ ይወድቃል። ጠንከር ቢያደርጉት ወሊሶ፤ ከዚያም ቢብስ ጅማ። በሰከንድ ስምንት ኪሎ ሜትር ገደማ ቢወረውሩት ግን፣ ድንጋዩ በወደቀ ቁጥር መሬትም እየታጠፈች ስለምታመልጠው፣ ዓለምን ዞሮ መጥቶ የወርዋሪውን ማጅራት ይመታል። በዚያ ፍጥነት ከሰበታ መርካቶ ሦስትና አራት ሰከንድ ነው። በሚኒባስ ያለውን እናንተው ታውቁታላችሁ።

ከሥሩ ደግሞ ስበት ወደ ላይ በወጡ ቁጥር እየቀነሰ ይሄዳል እንጂ እንደማይጠፋ ተጽፏል። እንዲያውም ሳተላይቷን አጥፎ የሚያዞራት እሱው ነው፤ ስበት ባይኖር ቀጥ ብላ በሄደችበት ትቀር ነበር። የዲሽ ሳተላይቶች በጣም ርቀው፣ መሬት አንድ ጊዜ በምትዞርበት አንድ ቀን ውስጥ እነሱም አንድ ጊዜ ስለሚዞሩ፣ ለእኛ የቆሙ ይመስላሉ። ቃል በቃል ሌንሳ ያለችው ነው። ቡሎኑ ብቻ ነው የሌለው።

መጽሐፉን ዘጋሁት። ነገ እነግራታለሁ አልኩ። ነገም መጣ፤ አልነገርኳትም። እንዲህ እያልኩ አንድ ሳምንት ገፋሁ።

በዚያው ሰሞን ተማሪዎቹ ለቀጣዩ ዓመት ናቹራል ወይም ሶሻል የሚመርጡበትን ፎርም ሞሉ። የክፍሉ ኃላፊ እኔ ስለነበርኩ የሰበሰብኩት እኔ ነኝ። ሌንሳ ሶሻል ሞልታለች። ለብቻዋ ጠርቼ ጠየቅኳት።

«ፊዚክስ አይሆነኝም ቲቸር» አለችኝ። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ልክ ነው ብዬ የማስበው ነገር ሁሉ ስህተት ሆኖ ይገኛል። ራሴን አላምነውም።»

መናገሪያዬ ያቺ ደቂቃ ነበረች። «ልክ ነበርሽ» ሁለት ቃል ነው። እኔ «በርቺ» አልኳት፤ እሱ አንድ ቃል ነው።

ከዚያ ያደረግኩትን ልንገራችሁ፤ ሚስጥሩ ይህ ነው። ፎርሞቹን በሁለት ዝርዝር መገልበጥ የእኔ ሥራ ነበር። ናቹራል የሚለው ወረቀት ላይ ስጽፍ «ሌንሳ ገመቹ» ብዬ ጻፍኩ። ፎርሙን ቀድጄ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። አንድ እውነት መናገር ያሳፈራት ሴት ለመዋሸት ምንም ያህል አልተቸገረችም።

ዝርዝሩ ማኅተም ተመትቶበት ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ወጣ። እኛ አገር ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ከስበት ሕግ ይበልጥ ይከበራል። ሌንሳ መጥታ «ቲቸር፣ እኔ እኮ ሶሻል ነበር የሞላሁት» አለችኝ። «ዝርዝሩ ወጥቷል» አልኳት። ከዚህ በኋላ የሚከራከር የለም፤ እሷም መከራከር ትታለች።

ዓመታት አለፉ። ሌንሳ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ኤሌክትሪካል ምህንድስና ሦስተኛ ዓመት ደረሰች። ወሬውን በሰማሁ ቁጥር ደስ ይለኝና ወዲያው ቦርሳዬ ውስጥ የከተትኩት ፎርም ትዝ ይለኛል።

በቅርቡ ነፋስ ዲሻችንን አዞረውና ኦቦ ገመቹን ጠራኋቸው። እሳቸው ጣሪያ ላይ፣ እኔ በሩ ላይ ቴሌቪዥኑን እያየሁ ሥራው ተጀመረ። «ዱፌ?» ይላሉ ከላይ፤ መጣ ወይ ማለታቸው ነው። «አልመጣም» እላለሁ። «አሁንስ?» «ድምፁ መጣ።» «ምስሉስ?» «መጥቶ ሄደ።» በመሐል ወሬ ጣል ያደርጋሉ።

«ሌንሳ ለእረፍት መጥታለች ቲቸር። እርስዎ ያን ጊዜ ባይቆጧት እዚህ አትደርስም ነበር። ያን ዓመት ናቹራል የገባችው በጸሐፊ ስህተት ነው ትለኛለች። ማን እንደሆነ ባውቅ እመርቀው ነበር። አሁን ዱፌ?»

«መጣ» አልኩ። ባዶውን የቴሌቪዥን መስኮት እያየሁ ነበር፤ ምስሉ አልመጣም።

«አሁን ደግሞ ጨዋ ሆናለች፤ አትከራከርም። በቀደም እንግዶች ፊት ‹ሳተላይት ለምን አትወድቅም፣ አንቺ የተማርሽ አስረጂልን› ብላት ‹ቲቸር እንዳሉት ነው አባዬ› አለችኝ። እኔም ለደንበኛው ሁሉ እርስዎን እየጠቀስኩ ነው የማስረዳው። ስበት የለም እያልኩ።»

ምህንድስና የምትማር ልጅ፣ በገዛ ቤቷ፣ በእኔ ምክንያት ያልሆነውን ነው ትላለች። ከእንግዲህ ከማን ጋር ትከራከራለች? የመጀመሪያው አለቃዋ የተሳሳተ ንድፍ ሲሰጣትስ «እርስዎ እንዳሉት» ልትል ነው? ኦቦ ገመቹ ዲሹን አንዴ ነካ አድርገው ከጣሪያ ሲወርዱ ምስሉ ጥርት ብሎ መጥቶ ነበር። ያን ቀን ምን እንደታየበት ግን አላውቅም።

በማግስቱ ጠዋት፣ ክፍል ከመግባቴ በፊት፣ በባጃጅ ዓለም ገና እነሱ ቤት ሄድኩ። ኦቦ ገመቹ ግቢ ውስጥ መሰላል እየጠገኑ ነበር። ሌንሳ ከጄሪካን ወደ በርሜል ውሃ ትገለብጣለች። ይቅርታ የጠየቀችው አባቷ ፊት ስለሆነ እኔም እሳቸው ፊት ተናገርኩ። በመንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበር፤ የወጣኝ ግን «ሳተላይቷ ትወድቃለች። ሌንሳ ልክ ነበረች። በዚያው ቀን አውቄ ነው ዝም ያልኩት» የሚል ብቻ ነው።

ኦቦ ገመቹ ሰማዩን አዩ። ቀጥሎ ጣሪያቸው ላይ ያለውን ዲሽ አዩ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው «ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?» አሏት።

«ነግሬህ ነበር አባዬ።»

መዶሻቸውን አስቀመጡ። ከእጇ ጄሪካኑን ተቀብለው ራሳቸው መገልበጥ ጀመሩ።

ሌንሳ እስከ አስፋልቱ ሸኘችኝ። ፊቷ ላይ የነበረው ደስታ ይሁን ንዴት አልለየሁትም፤ ቀና ብዬ ስላላየኋት ነው። ባጃጅ ሲመጣ «ቲቸር» አለችኝ ረጋ ብላ፤ «ፎርሙ ላይ የሞላሁትን እኔ ራሴ አስታውሳለሁ። ዝርዝሩን ያን ጊዜ ማን ነበር የሚጽፈው?»

ለአንድ ጠዋት አንድ እውነት ይበቃል ብዬ አሰብኩ።

«ክፍል አለኝ» አልኳትና ባጃጁ ውስጥ ገባሁ። ይኼኛው እንኳ ውሸት አይደለም። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የእኔ ነበር።