ኢነርሺያ የተባልኩት እኔ ነኝ

በየቤተሰቡ አንድ "ለምሳሌ" አይጠፋም። እናንተ ቤት ከሌለ ጎረቤት አለ፤ ዞር ብላችሁ ፈልጉ። ይህ ሰው ከመጽሐፍ አንድ ነገር ሲገባው ለብቻው ይዞት መቀመጥ አይሆንለትም፤ በቤቱ ካሉት እስትንፋስ ካላቸው ፍጡራን በአንዱ ላይ ካልለጠፈው እንቅልፍ አይወስደውም። የእኛ ቤት "ለምሳሌ" የእህቴ ልጅ ናት። ክብርት ወይዘሪት ለምሳሌ እላታለሁ። "ክብርት" የምለው ሲደክመኝ ነው፤ ስለዚህ ሁልጊዜ እላታለሁ።

እኔ የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ነኝ። ሥራዬ ከቤት ቤት፣ ከፎቅ ፎቅ እየዞርኩ ከበር ኋላ የተደበቀ ቆጣሪ ፈልጌ ቁጥሩን መመዝገብ ነው። አሳንሰር ያለው ሕንፃ ሲገጥመኝ፣ አሳንሰሩ የሚበላሸው እኔ የምደርስበትን ቀን ጠብቆ ነው። የምኖረው ከእህቴ ጋር ነው፤ እሷ ልብስ ሰፊ ናት። ከሥራ ስመለስ ጫማዬን አውልቄ ሶፋው ላይ ዘፍ እላለሁ። ከዚያ በኋላ ቤቱ በእሳት ተያያዘ ቢሉኝ፣ በየት በኩል እንደሆነ ሳልጠይቅ አልነሳም።

ክብርት ወይዘሪት አምና የመልቀቂያ ፈተናውን ለጥቂት ወደቀች። የየትምህርቱን ትርጉም እንደ ውሃ ጠጥታው ነበር የገባችው፤ ወረቀቱን ስታይ ግን ሁሉም ብን አለባት። ዘንድሮ ሁለተኛና የመጨረሻ ዕድሏ ነው። ካለፈች ዩኒቨርሲቲ ትገባለች። ካላለፈች ግን እናቷ ሁለተኛውን የስፌት መኪና ወልውላ ጥግ ላይ አስቀምጣላታለች። ስለዚያ መኪና ማንም ትንፍሽ አይልም፤ ሁላችንም ግን ዞር ብለነው ነው የምናልፈው።

ስለዚህ ልጅቷ ዘዴ ቀየረች። የየትምህርቱን መሠረታዊ ሐሳብ ጨምቃ በአንድ በአንድ ገጽ ትጽፍና፣ ከሥር "ለምሳሌ" ብላ ከእኛ አንዳችንን ትጨምራለች። ኬሚስትሪ፦ ካታሊስት ማለት ራሱ ሳይለወጥ የሌሎችን ሪአክሽን የሚያፋጥን ነገር ነው፤ ለምሳሌ አንዲት ቃል ጣል አድርጋ እናቴንና አጎቴን ካጣላች በኋላ እንደ አመጣጧ የምትሄደው ጎረቤታችን። ታሪክ፦ የጠብ ሰበብና የጠብ መንስኤ ይለያያሉ፤ ለምሳሌ የእናቴና የአጎቴ ጠብ ሰበቡ ሪሞት ነው፣ መንስኤው ግን እኔ ከመወለዴ በፊት የነበረ ነው። ኢኮኖሚክስ፣ አቅርቦትና ፍላጎት፦ ጠዋት ጠዋት የመታጠቢያ ቤታችን በር። የጂኦግራፊውን ባልነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር። ስለ መሬት መሸርሸር ነው፤ ምሳሌው ፀጉር የሸሸው የእኔ ግንባር ነው።

ወረቀቱ ሁሉ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ጥርሴን ስቦርሽ ራሴን አነባለሁ። ሻይ ላፈላ ማድ ቤት ስገባም እዚያ ራሴ ይጠብቀኛል።

"አጎቴ፣ ቅር አለህ እንዴ?" ትለኛለች።

"ምን ቅር ይለኛል፣ አጥኚ ብቻ።"

"እንግዲያው ለምሳሌ አንተን እንውሰድ" ብላ ትቀጥላለች። "ልውሰድህ ወይ?" ብላ አንድ ቀን እንኳ ጠይቃኝ አታውቅም።

እስከዚህ ድረስ የቤት ጉዳይ ነበር፤ ቻልኩት። አንድ ቀን ግን አንድ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ወገቤን ይዤ ደረስኩ። አንዲት ሴትዮ ከፈቱልኝ። ቆጣሪው ከማድ ቤቱ በር ኋላ ነው አሉኝ። በሩን መለስ ሳደርገው ከቆጣሪው ጎን የማውቀው የእጅ ጽሑፍ ፎቶ ኮፒ ተደርጎ ተለጥፏል። "ኢነርሺያ፦ ያረፈ አካል ከውጭ የሚያንቀሳቅሰው ኃይል ካላገኘ እንዳረፈ ይቀራል። ለምሳሌ፦ ቆጣሪ አንባቢው አጎቴ ሶፋ ላይ።"

ሴትዮዋ ወረቀቱን አዩ፣ ቦርሳዬን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎ ነዎት እንዴ?" አሉ። "ልጄ እኮ ፊዚክስ የገባው በእርስዎ ነው። ወንበር ላምጣልዎት?"

ሲያቀርቡልኝ ከልባቸው ነው፤ ያ ነው የባሰው። ለካስ ማስታወሻው በትምህርት ቤቱ ሁሉ ተባዝቷል። የዚያን ዕለት በየደረጃው የማገኛቸው ተማሪዎች መንገድ እየለቀቁ ፈገግ ይሉብኛል። ቀኑን ሙሉ ደረጃ ስወጣ ስወርድ እያዩኝ፣ የሚያውቁኝ ግን በመቀመጥ ነው።

ቤት ስገባ ጫማዬን እንኳ አላወለቅኩም። "ከፊዚክስ አውጪኝ" አልኳት። "ከጂኦግራፊም። ከሁሉም።"

"እሺ አጎቴ" አለች። አልተከራከረችም፤ ያኔ ነበር መንቃት የነበረብኝ። በነጋታው ወረቀቱ ሁሉ ተቀይሯል። ግድግዳው ላይ "አንድ አካል"፣ "አንድ ንጥረ ነገር"፣ "አንድ ሰው" ብቻ ቀረ። ቤቱ የማላውቃቸው ሰዎች የሚኖሩበት መሰለኝ፤ ግን ክብሬ ነው ብዬ ቻልኩት።

ከዚያ ትምህርት ቤቱ የሙከራ ፈተና ሰጠ። ልጅቷ ገብታ ቦርሳዋን በሩ ላይ ጣለች።

"ጠፋብኝ" አለች። "ሁሉም ጠፋብኝ። 'አንድ አካል' ይላል፤ የማን አካል እንደሆነ ማሰብ አቃተኝ።" መኝታ ቤቷ ገብታ በሩን ዘጋች።

እህቴ የስፌት መኪናዋን አቆመች። እህቴ ስትቆጣ ግድ የለኝም፤ ለምጄዋለሁ። የምፈራት ድምጿን ዝቅ ስታደርግ ነው።

"ወንድሜ፣ ልታዋርድህ መሰለህ?" አለችኝ። "ይቺ ልጅ ምሳሌ የምታደርገው ሁልጊዜ የምታገኘውን ነው። አባቷን እንዳታደርገው መቼ አየችውና? ሁልጊዜ በቦታህ የምትገኘው አንተ ነህ።"

ማንም ሳይገፋኝ፣ ማንም ሳይጎትተኝ ከሶፋው ተነሳሁ። ይህም ይመዝገብልኝ። ሄጄ በሯን አንኳኳሁ።

"ውጪ" አልኳት። "ሶፋው ላይ ልተኛልሽ ነው። ተማሪብኝ።"

ከፈተናው በፊት በነበረው ቅዳሜና እሑድ ያልሆንኩት ነገር የለም። እጄን ይዛ ጎተተችኝ፤ ውጫዊ ኃይል ሆነች። ከነሶፋው ልትገፋኝ ሞከረች፤ ወለሉን ይዤ አልንሸራተት አልኩ፤ ሰበቃ ሆንኩ። ግንባሬን ለጂኦግራፊ መለስኩላት። ጎረቤታችን ብቅ ስትል እኔና እህቴ ተያይተን ዝም አልን፤ ልጅቷ ግን ስቃ ስቃ ወንበር ላይ ተደፋች። ኬሚስትሪው ገባት ማለት ነው።

"ቀኑን ሙሉ ደረጃ የምወጣውስ?" አልኳት፣ እግሬን እያሸሁ። "እሱ የት ይገባል?"

"እሱም ኢነርሺያ ነው አጎቴ። የተንቀሳቀሰ አካል የሚያቆመው ካላገኘ አይቆምም። አንተ ስትሄድም ስትቀመጥም ኢነርሺያ ነህ።"

ካሳ መሆኑ ነው እንግዲህ፤ ተቀበልኩ። ከዚያ ክብደትና መጠነ ቁስን አመጣች። "ጨረቃ ላይ ብትወጣ ክብደትህ ይቀንሳል" አለች። "መጠነ ቁስህ፣ የተሠራህበት ነገር ልክ ማለት ነው፣ እሱ ግን እዚያም ያው ነው።"

"የትም ብሄድ ያው ነኝ ማለት ነው?"

"የትም።"

አለፈች። እህቴ ውጤቱን ስትሰማ ተነስታ ሁለተኛውን መኪና ጨርቅ አለበሰችው። ልጅቷ ሩቅ ወዳለ ዩኒቨርሲቲ ሄደች። ግድግዳው ባዶ ሆነ። አሁን ጥርሴን ስቦርሽ የማየው መስታወት ነው፤ እሱ ደግሞ የሚያስተምረኝ ነገር የለም። እፎይ እላለሁ ብዬ ነበር፤ አልሆነልኝም። ናፈቀችኝ።

ባለፈው ሰሞን ደወለች። ከሦስት ልጆች ጋር አንድ ክፍል ደርሷታል። "ለምሳሌ ከጎኔ የምትተኛዋን ልጅ ውሰድ" ብላ ስለ ድምፅ ሞገድ ጀመረች፤ ልጅቷ ታንኮራፋለች መሰለኝ። ሌላዋ ካታሊስት ሆናለች አለችኝ። ሳላስበው ቅናት ቢጤ ጨመደደኝ።

"ታዲያ ኢነርሺያስ?" አልኳት እንደ ዋዛ። "አሁን ማንን አደረግሽ?"

"ማንን አደርጋለሁ? አንተን ነዋ" አለች። "እዚህ ያለው ሰው ሁሉ ዛሬ አለ፣ ነገ የለም፣ አጎቴ።"

ስልኩን ዘጋሁ። እህቴ ከማሽኗ ሆና "እስቲ ተነስና መስኮቱን ዝጋው" አለችኝ። አልተነሳሁም። ልጅቷ እዚያ ሆና በእኔ እያጠናች፣ እኔ እዚህ ብነቃነቅ ደግ አይደለም።