አዲሱ የድሮ ማውስ

«የድሮው ይሻላል» የሚል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ሸዋ ሮቢት ውስጥ አንድ ጌም ቤት ሙሉ ገጥሞኛል፤ አንዱም ራሴ ነበርኩ።

የጌም ቤቱ ባለቤት እትዬ ዘነበች፣ ሁላችንም የምንናፍቀው የድሮ የጌም ማውስ እንደገና መሠራቱን ሰምተው ከአዲስ አበባ አስመጡልን። ቅርጹ ያው ነው። መብራት ያለበትን ቀን ጠብቀን ተራ በተራ ሞከርነው።

«ያንሸራትታል» አለ የባጃጅ ሹፌሩ ጀማል።

«የድሮው እጅን በላብ አያጠምቅም ነበር» አሉ መምህር ታደሰ፣ ፈተና እንደሚያርም ሰው ፊታቸውን አኮሳትረው።

እኔም ከሁሉም ባነሰ እውቀት፣ ከሁሉም በላቀ ድምፅ፣ «የዛሬ ፋብሪካ እኮ ነፍስ የለውም!» አልኩ።

በሦስተኛው ቀን አንድ የካራቆሬ እንግዳ ማውሱን አገላብጦ አየና፣ «ላስቲኩን አትልጡትም እንዴ?» አለ።

እትዬ ዘነበች ደነገጡ። «በአዲስነቱ? አቧራ ይጠጣ ልጄ?»

ላስቲኩንማ ሁላችንም አይተነዋል። አዲስ ዕቃ ላስቲኩ ሲወልቅ ማን አይቶ ያውቃል? ለካ በዚያ ሁሉ ሙቀት ስናማ የከረምነው ላስቲኩን ነው። ማውሱንማ ማናችንም አልነካነውም።

በሞኝነታችን እየሳቅሁ ቤቴ ገባሁ። ከሠርጌ ጀምሮ «ይሞቃል» እያልኩ የማማው ሶፋ ላይ ተቀመጥኩ።

ላስቲኩ ተንጣጣ።