ቆመን እንሰብሰብ ያለው አለቃ

ስብሰባ የሚወድ አለቃ ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ሀርጌሳ፣ ጋአን ሊባህ ሰፈር ውስጥ ባለች ትንሽ የሶፍትዌር ቢሮ ገጥሞኛል። አለቃችን ሙስጠፋ አጃይል ስለሚባለው ፈጣን የሶፍትዌር አሠራር የሦስት ቀን ሥልጠና ወስዶ መጣና፣ «ከዛሬ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ቆመን ነው የምንሰበሰበው፤ ቆሞ የሚያወራ ሰው አያንዛዛም» አለን። አያንዛዛም? እሱ ቆሞ ሁለት ሰዓት ያወራል! ስለ ፍጥነት ሲሰብከን ሥራው ቆመ።

አንድ ጠዋት ሀጂ ጀማል መጡ። ከሐረር መጥተው መድኃኒት ቤት የከፈቱ አዛውንት ናቸው፤ የመድኃኒቶችዎን ጊዜ የሚቆጣጠር ፕሮግራም እንሠራልዎታለን ካልናቸው ወራት አልፈዋል።

«ምነው ቆማችሁ፣ ሰው ሞተ እንዴ?» አሉ።

«ኧረ ሀጂ፣ ስብሰባ ላይ ነን» አለ ሙስጠፋ።

«እኔ ትናንት ጊዜው ያለፈበት ሽሮፕ ለሕፃን ልሸጥ ነበር። አላህ ነው ያወጣኝ!»

አፈርን። ወንበሬን ስቤ ተቀመጥኩ፤ ሀጂም ከጎኔ፤ ሌሎቹም ወደየወንበራቸው ተመለሱ። የሚፈልጉትን እየነገሩኝ ስሠራ፣ የቀትሩ የዙሁር አዛን ሳይሰማ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ሁሉ ስክሪኑ ላይ ቀልቶ ታየ።

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ።

ሙስጠፋ ብቻውን ቆሞ ቀረ። «እኔስ ምን ልሥራ?» አለ ቀስ ብሎ።

ሀጂ ዞር ብለው አዩት። «አንተማ ልጄ፣ ሻይ እዘዝልን።»