ሁሉን ለይቶ የሚያውቀው ሉጥፊ

ድንበር ላይ ያለ ከተማ ውሃ ሊያጣ ይችላል፤ መብራትም ሊያጣ ይችላል። ሰላይ በዓይኑ የሚለይ ሰው ግን አያጣም። ከመተማ ማዶ፣ በሱዳኗ ገላባት፣ ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከመው ክቡር ሉጥፊ ነው። መተዳደሪያው ነጠላ ጫማ መሸጥ ነው፤ ሥራው ግን ናጂያ ሻይ ቤት ደጃፍ ተቀምጦ አላፊ አግዳሚውን ለየመንግሥታቱ ማከፋፈል።

«ያ ባለ መነጽርስ?» ትለዋለች ናጂያ፣ ነገር ስትፈልገው።

«ካይሮ።»

«ፍየል ነጋዴው?»

«አስመራ። ፍየሎቹን ገና እያጣራሁ ነው።»

«እኔስ?»

«አንቺማ በስኳር ስስትሽ የእንግሊዝ ነሽ።»

አፉን እንዲይዝ ስንቴ ለምናዋለች። ማዶ ጫካ የገቡ ታጣቂዎች አሉ፤ መሣሪያ በዚሁ በኩል ያልፍላቸዋል። የትኛው አገር የስለላ ድርጅት እንደሚከፍልበት እርግጡን የሚያውቅ የለም፤ የጠየቀም ሰው ተመልሶ አይታይም።

«ታዲያ እኔ መቼ ጠየቅሁ? መልስ ብቻ ነው የምሰጥ» ይላል ሉጥፊ።

አንድ ቀን አንዳርጌ የሚባል የጎንደር ልጅ፣ ሰሊጥ አጫጅ፣ ሻዩን እየጠጣ የሱዳኑን ሲም ከስልኩ አውጥቶ የኢትዮጵያውን ከተተ። ድንበር ላይ ይህን የማያደርግ የለም። ሉጥፊ ግን ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሁለት ሲም ያለው ሰው ለሁለት መንግሥት ነው የሚሠራ!»

ናጂያም፣ አንዳርጌ ራሱም ሳቁ። ጥግ ላይ የነበረ አንድ ሰው ብቻ ሳይስቅ ተነሥቶ ወጣ። በማግስቱ ታርጋ የሌለው መኪና አንዳርጌን ከእርሻው ላይ ወሰደው።

ሉጥፊ ወሬውን ሲሰማ ሱቁን እንኳ አልዘጋም። የጸጥታ ሰዎቹ ግቢ ሄዶ፣ «ያልሁት እኔ ነኝ፤ ቀልድ ነው። የማላውቀውን ነው የምቀባጥር፤ ስለ እናንተም እንዲሁ ብያለሁ» አላቸው። አንዳርጌ ያን ዕለት ተለቀቀ። ጆሮው አብጦ መጥቶ ይህን ለናጂያ ነገራትና ማጭዱን እንኳ ሳይፈልግ ወደ መተማ ተሻገረ። ሉጥፊን ግን «ይህን ሁሉ ሰው የምታውቅ፣ አንተስ የማን ነህ?» ብለው አስቀሩት።

ያ ምላሳም በከተማው አንድ ዘመድ የለውም። ጎረቤቶቿ ናጂያን መከሯት፦ «ደንበኛዬ ነው በይ። ዘመድ ነኝ ያለ አብሮ ይገባል።»

ፉል በሳህን ሸፍና ወደ ጸጥታ ሰዎቹ ግቢ ሄደች። መንገዱን ሙሉ ስትሰድበው ነበር።

«ምንሽ ነው?» አላት ዘበኛው።

«ወንድሜ።»

ሳህኑን አልተቀበላትም። የብረቱን በር ከፍቶ ዞር አለላት። ናጂያ የተከናነበችውን ቶብ ሰብሰብ አድርጋ ገባች።